ለአማት ሲባል መሃል ቢቸና

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን መጥታ «ጋሼ፣ መሃል ከተማ ጠባብ ቤት ይሻለኛል ወይስ ዳር ወጥቼ ሰፊ ቤት ልያዝ?» አለችኝ። እኔን! ስለ ቤት የሚጠየቅ ሰው ጠፍቶ! እኔ በዚህችው ጥያቄ የተነሳ በአንድ ቀን ሚስቴንም ነፃነቴንም ላጣ ለጥቂት የተረፍኩ ሰው ነኝ። «ቁጭ በይና ላጫውትሽ» አልኳት። የዘመኑ ልጅ የት ይቀመጣል፣ ስልኳ ጮኸና ወጥታ ሄደች። ወሬው ግን አፌ ላይ ቀርቷልና እናንተው ስሙኝ እንግዲህ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ቢቸና በመምህርነት ተመድቤ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ነበሩ። መሃል የሚባለው ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ግራና ቀኙ ነው፤ ቆርቆሮ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ከሁሉም በላይ አቧራው እዚያ ነው። ዳር የሚባለው ደግሞ ከዚያ ጀርባ ያለው ሳር ቤት፣ የጎመን ጓሮ፣ ላሟ፣ ቄሱ፣ ሸማኔው፣ ጠላ ጠማቂዋ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፤ መንገድ ዳር መኖር ክብር ሆኖ ከተማ ዳር መኖር ውርደት ሲሆን ምን ይባላል? እኔ ሞጣም ዳር ተወልጄ፣ ቢቸናም ዳር ገብቼ፣ ማንም ውርደት ነው ብሎ ሳይነግረኝ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር።

ያከራዩኝ እማሆይ አንጓች የሚባሉ መነኩሲት ናቸው። ልጅ የላቸውም፣ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ የቀረ ዘመድም አልነበራቸውም። ለሁሉም ሰው ግን እናት ነኝ ባይ ነበሩ፤ ሲቆጡ ደግሞ የእንጀራ እናት። «አንተ መምህር፣ ራትህን ሳትበላ መብራት አታጥፋ!» ብለው ከደጅ ይጮሁብኛል። መብራት የሚሉት ኩራዜን ነው። ከጓሯችን ማዶ የቅኔ ቤት ነበርና ወደ ማታ ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቅኔ ሲቆጥሩ ድምፃቸው በአጥሩ በኩል ይመጣል። ምን እንደሚሉ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ እንቅልፌን ግን እንደዚያ ያጣፈጠልኝ ነገር የለም። ኧረ ያ ጊዜ! ዛሬ እንቅልፍ ሲያምረኝ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ታዲያ ሰው ሲመቸው አያርፍም፣ ማግባት አማረኝ። ልጅቷ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ሞጣ አብረን ተምረናል። አባቷ አቶ እንዳላማው መሃል ሞጣ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ ያፈላለግኋቸው ከዚያው ከዳሩ ሰፈር ነው። አለቃቸው አያ ቢተው ነበር። ከከተማው ጫፍ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ችግሩ ማቆም አያውቅም። በአውቶቡስ ሞጣ ሄደው፣ በማግስቱ አቧራ ለብሰው ተመለሱ።

«እህሳ፣ አያ ቢተው?»

«ሰውየው ልጄን ከለከልሁ አላሉም» አለ አያ ቢተው።

«እሰይ!»

«ሰጠሁም አላሉም።»

«እና ምን አሉ?»

«‹ልጄ ከከተማ ዳር አትገባም፤ መሃል ቢቸና ቤት ይያዝና ለገበያ ስመጣ አይቼ ቃሌን እሰጣለሁ› አሉ። እኔማ ዳር ያለውን ደስታ ልነግራቸው ጀምሬ ነበር፤ አላስጨረሱኝም።»

ሰውየውን ለመራገም አፌን ከፍቼ ነበር፤ እማሆይ ገሰጹኝ። በኋላ ነው የገባኝ። አቶ እንዳላማው በመሃል ሞጣ ብዙ ቤት ነበራቸው፤ በደርግ የከተማ ቤት አዋጅ ትርፍ ተብሎ ተወርሶ ከሱቃቸውና ከጀርባዋ ካለችው መኖሪያ በቀር ምንም አልቀራቸውም። ቤቱ ሲወሰድ ያየ ሰው እግሩ ስር ያለችውን መሬት አጥብቆ ይረግጣል። «ከመሃል አንዴ የወጣ ተመልሶ አይገባም» ይሉ ነበር አሉ። ልጃቸው ከኔ ጋር ወደ ጎመን ጓሮ ስትወርድ የመጨረሻዋ ቤታቸው የተወረሰች ያህል ነው የተሰማቸው።

እንግዲህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም ቀበሌ ደጅ ጠናሁ። ስለማመጥ፣ ስመላለስ ከርሜ በመጨረሻ መሃል መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተሰጠኝ። የተወረሰ የነጋዴ ቤት ነው፤ በጭቃ ግድግዳ ተከፋፍሎ የኔው በር ፊት ለፊት ወደ መንገዱ ወጣ። በቀኝ ጠጅ ቤት፣ በግራ ወፍጮ ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ! አምፖልም አለው! ለእማሆይ ስነግራቸው «ይቅናህ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ ጓሮ አዞሩ። ሲያለቅሱ ያየሁ መሰለኝ፤ ግን ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ።

መሃል ከተማ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወፍጮው ሲነሳ ብርጭቆዬ በራሷ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ትጓዛለች። ልብሴ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ተማሪዎቼ ጠመኔ እየመሰላቸው «መምህር እንዴት ይደክማል» ይሉኝ ነበር። በጠጅ ቤቱ ግድግዳ በኩል የቢቸናን ሰው ምሥጢር ሁሉ ሰማሁ፤ ማን ማንን እንደሚወድ አውቃለሁ፤ ግን የምነግረው ሰው የለኝም። ገና ሳይነጋ አውቶቡሱ በሬ ላይ ቆሞ ረዳቱ ቆርቆሮዬን በጡጫ እየደበደበ «ሞጣ! ሞጣ!» ይላል። አንድ ቀን ግማሽ እንቅልፌን ይዤ ልሳፈር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጎረቤት አላችሁኝ? ከጠጅ ቤቷ ባለቤት ከእትዬ ባንቺ ጋር የተነጋገርነው «እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው፤ እሱንም መስኮቷን ገርበብ አድርጋ። ጉንፋን ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ በግድግዳው በኩል «መምህር፣ ሳልህን ቀነስ አድርገው፤ ጠጪዎቼ ተረበሹ» አለችኝ። አጥሚት ይዘው ከዳር ድረስ የመጡት እማሆይ ናቸው። «ቆርቆሮው አላሞቀህም?» አሉኝ፤ ስቄ አሳለፍሁት።

ይህን ሁሉ ቻልሁት። ያልቻልሁት የገበያ ቀን ነው።

የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ከገጠር ለገበያ የወጣ ሰው መሃል ከተማ የሚያውቀው ቤት ካለ ዕቃውን እዚያ ያሳርፋል። ላሳርፍ ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ባዕድ ማድረግ ነው። መጀመሪያ አያ ቢተው አንድ ጆንያ ጤፍ አሳረፈ። ቀጥሎ የአያ ቢተው ወንድም፣ ቀጥሎ የወንድሙ ምራት፣ ቀጥሎ የተማሪዎቼ ወላጆች መጡ። ባጭር ጊዜ ውስጥ የገበያ ቀን ቤቴ ጎተራ ሆነ። ጆንያ እስከ ጣሪያ፣ ዶሮ እግሯ ታስሮ ከአልጋዬ ስር፣ ቅቤ በቅል ከመጻሕፍቴ መሃል። እኔ ገበያው እስኪበተን ደጃፌ ላይ ቆሜ ለራሴ ቤት ዘበኛ ነኝ።

አቶ እንዳላማው የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። የገበያ ቀን ነው፤ ነጋዴ አይደሉ? በዋዜማው ዳር ሰፈር ወርጄ ለአያ ቢተው «ነገ ትልቅ እንግዳ አለብኝ» አልሁት።

«በስማም! እንግዳው አማትህ ናቸው?»

«እንዴታ። እና እባክህን ለሰዉ ሁሉ ንገርልኝ፣ እንግዳ ስላለብኝ ነገ…»

ነገሩን ልጨርስ አልቻልሁም፤ እንዳልኳችሁ አያ ቢተው ሌላ ሰው አያስጨርስም። «በቃ! በቃ! ተወው ለኔ!» ብሎ ትከሻዬን መትቶ ሮጠ። እኔም የገባው መስሎኝ ቤቴን ጠርጌ፣ አንዷን ወንበሬን አጥቤ ተኛሁ። ለካስ በኛ አገር እንግዳ አለብኝ ያለ ሰው እርዱኝ ማለቱ ነው! ጠዋት ስነቃ ደጄ ላይ የአህያ ሰልፍ ቆሟል። በወትሮው የሚመጣው ሁሉ መጥቷል፣ በወትሮው የማይመጣውም ቤቴ ባዶ ሆኖ በእንግዳ ፊት እንዳላፍር ብሎ ጆንያውን ይዞ መጥቷል። አያ ቢተው በኩራት «አማትህ ሲገቡ ቤቱ ሙሉ ይሁን፤ ባዶ ቤት ደስ አይልም!» አለኝና የሚሸጠውን ሙክት ከአልጋዬ እግር ጋር አስሮልኝ ወደ ገበያ ሄደ።

ምን ልበል? አውቶቡሱ ደረሰ።

አቶ እንዳላማው ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ከዘራ ይዘው ወረዱ። ጥሩወርቅ አብራቸው መጥታለች፤ «ገበያ ልይ» ብላ ነው አሉ፤ ሞጣ ገበያ የሌለ ይመስል! ከበሩ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። ወንበሬ ከጆንያ በታች የሆነ ቦታ ናት፤ የት እንዳለች እኔም አላውቅም። እንደምንም አለፉና አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሙክቱ ካፖርታቸውን አሸተተ፣ ወደደው መሰለኝ ጫፉን መቆርጠም ጀመረ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«መምህር፣ ይህ ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?» አሉ።

«ቤት ነው አባቴ፤ ዛሬ ገበያ ስለሆነ ነው።»

ወፍጮው ተነሳ። ሌላ ነገር ሲሉ ከንፈራቸውን አየሁ፤ ሲቆጡ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጆሮ አያስፈልግም ነበር። ከዘራቸውን ጨብጠው ሊነሱ ሲሉ፣ በሩ ጨለመ። ጓድ ስማቸው፣ የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ፣ ሁለት ጠብመንጃ የያዙ ጓዶች አስከትሎ ቆሟል። በዚያ ሰሞን እህል የደበቀ ነጋዴ ይታደን ነበር። ለመንግሥት የሚያስገባውን የእህል ኮታ ያልሞላ ገበሬም እህል ይዞ ከተገኘ አለቀለት።

ስማቸው ጆንያዎቹን አየ። ከጆንያው ላይ የተቀመጡትን ባለ ካፖርት አየ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

«ሃ! የሞጣው ነጋዴ አቶ እንዳላማው! የተወረሰ ቤት ውስጥ፣ በመምህር ስም፣ ይህን ሁሉ ጤፍ! ጓድ መምህር፣ ይኼ አሻጥር ካልሆነ ምን ይባላል?»

«የገበያተኛ ነው» አልሁ። ድምፄ የዶሮዋን ያህል እንኳ አልወጣም።

«የትኛው ገበያተኛ? ባለቤት ያለው እህል ባለቤቱ የት አለ?»

ስማቸው ወደ ጠጅ ቤቱ ዞሮ «እትዬ ባንቺ! ይህ እህል የማነው?» ብሎ ጮኸ። መስኮቷ ገርበብ አለች። «እኔ ምን አውቄ? ዝምተኛ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያስገባ ማን ያየዋል?» አለችና ዘጋችው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ በጓሮ ወጣ። ከወዲያ ያለው ባለ ሱቅ መዝጊያውን ቀስ አድርጎ ገጠመ። መሃል ቢቸና ከገባሁ ጀምሮ ፀጥታ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አቶ እንዳላማው ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። አንዴ ንብረታቸውን የተወረሱ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛው ዙር ምን እንደሚመስል ያውቁታል። የማግባቱን ነገር ረሳሁና አዘንሁላቸው።

ጥሩወርቅን ስፈልጋት የለችም። እሷ እቴ፣ ጓዶቹ አባቷን ሲያዩ በአህያዎቹ መሃል ሾልካ ገበያው ውስጥ ገብታ «መምህሩ ቤት ጆንያ ያሳረፋችሁ! ልጁን ሊያስሩት ነው!» እያለች እየጮኸች ነው። ያቺ መሃል ሞጣ ጨርቅ መሃል ያደገች ልጅ!

መጡ። እንግዲህ አስቡት፤ የኔ ነው ያለ እህሉ ሊወሰድበት ይችላል፣ እሱም ሊታሰር ይችላል። ዝም ብሎ ገበያው ውስጥ ቢቆም ማንም አይፈልገውም። ሁሉም መጡ። ከፊት አያ ቢተው፣ ከኋላ እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው።

«ይቺ የኔ ናት!» አለ አያ ቢተው አንዷን ጆንያ እየመታ።

«የለም የኔ ናት!» አለ ወንድሙ ያችኑ።

«ሁለታችሁም አትዋሹ፣ የኔ ናት!» አለች የወንድሙ ምራት።

እኔን ለማዳን ከመቸኮላቸው የተነሳ ሦስት ሰው የአንድ ጆንያ ባለቤት ሆነ፣ ሌላው ጆንያ ባለቤት አልባ ቀረ። አንዱማ ገበያ ምንም ሳያመጣ የመጣ ሰው ሆኖ ሳለ «አልጋዋም የኔ ናት» ብሎ ነበር። ስማቸው በደስታ እጁን አጋጨ። «አያችሁ? ተማክረው ነው! ውሸታሞች! ሁሉንም…»

«አንተ ስማቸው!»

ከሰዉ መሃል አንዲት አጭር ሴትዮ ገፍተው ወጡ። ስማቸው ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እናቱ ናቸው።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን አመጣሽ?»

«የኔን ጤፍ ምነው በጠብመንጃ ከበብኸው? እኚህ ሰውዬ የተቀመጡባት የኔ ጆንያ አይደለች? ይነሱልኝ፣ ጤፌ ሊፈስ ነው!»

«እኔ ቤት አታሳርፊም ነበር?»

«ያንተማ ሚስትህ መቼ ታስገባኛለች? መሃል ከተማ ከገባች ወዲህ ጆንያ ቤቷን ያቆሽሽባታል! መምህሩ ይባረክ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጓዶቹም ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ስማቸው ቀላ፣ ጠቆረ፤ አንድ ነገር ካልያዘ ክብሩ እንደማይመለስ ገባው መሰለኝ ከዘራውን ይዘው ወደቆሙት ሰው ዞረ።

«እሺ፣ እህሉ ባለቤት አለው። ይህ ነጋዴስ የማነው? ከሞጣ ድረስ ምን ሊገዛ መጣ?»

አቶ እንዳላማው ቤት ልይ ብዬ መጣሁ ቢሉ የትኛውን ቤት ሊባሉ ነው፤ ለነጋዴ፣ ያውም ለተወረሰ ነጋዴ፣ ቤት ማየት ራሱ ወንጀል ነበር። ይኼኔ እማሆይ አንጓች መቋሚያቸውን ጆንያው ላይ አስደግፈው ራመድ አሉ።

«የኛ ናቸው» አሉ።

«ምንዎት ናቸው እማሆይ?»

«አማታችን ናቸው። ልጃቸውን ለልጃችን ሰጥተዋል። አማት ልጁ የምትገባበትን ሊያይ አይመጣም?»

ስማቸው ወደ አቶ እንዳላማው ዞረ። «እውነት ነው? ልጅህን ሰጥተሃል?»

አቶ እንዳላማው እኔን አዩኝ። የእትዬ ባንቺን የተዘጋ መስኮት አዩ። አንድም ቀን አይተዋቸው የማያውቁትን፣ የኛ ናቸው ያሏቸውን መነኩሲት አዩ። ሙክቱ የካፖርታቸውን ጫፍ አሁንም ይዟል።

«ሰ… ሰጥቻለሁ።»

«አልሰማሁም!»

«ሰጥቻለሁ አልሁ እኮ!» ብለው ጮኹ።

እልልታው መጀመሪያ የወጣው ከስማቸው እናት ነው። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉ። ስማቸው ምን ያድርግ፣ የእናቱን ጆንያ ተሸክሞ፣ እናቱ ከኋላ «ቀስ በል፣ እንዳይቀደድ» እያሉት ወደ ገበያው ሄደ። አያ ቢተውና ሽማግሌዎቹ ምርቃት ጀመሩ። አቶ እንዳላማው ትንፋሻቸው ሲመለስ «እኔ እኮ… ለመዳን ያህል ነው ያልሁት…» ማለት ጀምረው ነበር፤ አያ ቢተው እንደ ልማዱ አላስጨረሳቸውም።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው አቶ እንዳላማው! ያውም በመንግሥት ፊት!»

ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ ትስቃለች፣ ዕንባዋም ይወርዳል። እኔ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ።

አውቶቡሱ ስላመለጣቸው አቶ እንዳላማው ያን ዕለት እማሆይ ቤት አደሩ። ሽሮ በጎመን በልተው፣ የቅኔ ተማሪዎቹን እያዳመጡ ፀሐይ እስክትወጣ ተኙ። ጠዋት አጥሩ ስር ቆመው አገኘኋቸው። «ቤቶቼን ከወሰዱብኝ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አሉኝ። ቀጥለውም «ትናንት ሞጣ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቢይዙኝ ኖሮ የኛ ነው የሚለኝ ከጎረቤቶቼ ማን ነበር ብዬ ሳስብ አደርሁ» አሉ። በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀመሩና አንዷንም ሳያጥፉ ተዉት። «የመሃሉን ክፍል ለቀበሌው መልስለት። ልጄ እዚያ ብትታመም ማን ይሰማታል?» አሉኝ።

ተጋባን፣ እዚያው ዳር ኖርን። አማቴ «ልጄን የዳራት ቀበሌ ነው» እያሉ ሞጣ ሁሉ አወሩት፤ ግን በየክረምቱ ስኳርና ሳሙና ለእማሆይ ይዘው መምጣታቸውን አላቋረጡም። የሁለቱ ጭቅጭቅ ነበር የሚናፍቀኝ፤ አንዱ ስለ ቆርቆሮ፣ አንዷ ስለ ሳር፣ ከቁርስ እስከ ራት።

እማሆይ ያረፉ ጊዜ እኛው ልንቀብራቸው ተሰበሰብን። ሥጋ ዘመድ እንዳልነበራቸው ነግሬያችኋለሁ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ እርስ በርስ ስንተያይ፣ ከሞጣ የመጣው አውቶቡስ አማቴን አወረደ። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡና እዚያው ክፍት ቦታ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ የማያውቃቸው ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ፤ ምንዎት ናቸው?» አላቸው።

አማቴ ቀና ብለው አዩት።

«የኛ ናቸው» አሉት።